ብርቱ ሴትን ስለ መሣል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል የሥዕል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 ከበስተኋላችን በግድግዳው ላይ የምታዩአቸውን ሦስት ሥዕሎች በዚህ ዓመት የሠራናቸው እኛ ነን። ሦስቱም የሴቶች ሥዕሎች ናቸው። አዳራሹን ስናዘጋጅ የተመለከቱን ሰዎች ሁለት ጥያቄ ጠየቁን። አንደኛው፣ «እነዚህ ሴቶች ስለ ምን እንዲህ ከባድ ሆነው ተሣሉ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ «አቋቋማቸውን ከሕንድ የጣዖት ቤት መማር በሚስዮን ትምህርት ቤት ላደጉ ልጆች ይገባልን?» የሚል ነው። ሁለቱም በቅን ልብ የቀረቡ ጥያቄዎች ስለሆኑ፣ የዛሬው ንግግራችን መልሳቸው እንዲሆን አሰብን። በንግግራችን ውስጥ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ብርቱ ሴት ሣል የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይይዛል። ወይ የወንድ ትከሻና የወንድ ክንድ ሰጥቶ ጦር ያስጨብጣታል፤ ወይም ፊቷን አኮሳትሮ ጥርሷን ያስነክሳታል። በሁለቱም መንገድ ብርታቷ የተበደረችው እንጂ የራሷ አይደለም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በአፍ ብቻ ሳይሆን በቡሩሽም ይነገራል ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ ወይ ብለን ስንመረምር፣ መምህራችን የጥንት ሕንዶች በድንጋይ የጠረቧቸውን ሴቶች ፎቶግራፍ አሳዩን። ከዚያ ያገኘነው ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው። የሴት ብርታት የሚታየው በያዘችው መሣሪያ ሳይሆን ክብደቷንና ሸክሟን ይዛ በቆመችበት አቋቋም ነው።

ከእነዚህ ቅርጾች መካከል አስቀድመን የምንጠቅሳት የዲዳርጋንጅ ያክሺ የምትባለውን ነው። ያክሺ ማለት ሕንዶች በጥንት ዘመን የዛፍ፣ የውኃና የበረከት ጠባቂ ናት ብለው ያመኑባት ሴት መንፈስ ናት። ይህች ሐውልት በ1917 በፓትና ከተማ በጋንጅስ ወንዝ ዳር ተገኘች፤ ዛሬም በዚያው ከተማ በቢሃር ሙዚየም ትታያለች። የተሠራችው ከአንድ ወጥ የአሸዋ ድንጋይ ሲሆን፣ ቁመቷ የአንዲት ሴት ቁመት ያህል ነው። ገላዋ እንደ መስተዋት እስኪያብረቀርቅ ድረስ ተወልውሏል። ዕድሜዋን ሊቃውንቱ በልዩ ልዩ መንገድ ቢገምቱም፣ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው ይላሉ። በቀኝ እጅዋ የያዘችው ጦር አይደለም፤ በአገራችን ሽማግሌዎችና ካህናት እጅ የምናውቀውን የመሰለ ጭራ ነው። ግራ ክንዷ ተሰብሮ ጠፍቷል። ይሁን እንጂ እርሷን የተመለከተ ሰው ደካማ ናት ሊል አይችልም። ዳሌዋ ሰፊ፣ እግርዋ ወፍራም ነው፤ አልቦዋ ቁርጭምጭሚቷን ከቦ መሬት የረገጠችበትን ስፍራ ያሳያል። ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ብላ ስትታይ፣ ማንም ገፍቶ የማይጥላት መሆኗን እንረዳለን።

አቋቋምን በተመለከተ ሕንዶች ትሪብሃንጋ የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ ትርጓሜውም ሦስት መታጠፊያ ማለት ነው። ጭንቅላት ወደ አንድ ወገን፣ ደረት ወደ ሌላው ወገን፣ ዳሌ ደግሞ ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ወገን ያዘነብላል። ክብደቱን አንዱ እግር ይሸከማል፤ ሌላው ያርፋል። በሳንቺ በታላቁ የቡድሃ መታሰቢያ ምሥራቃዊ በር ላይ፣ በክርስቶስ ልደት አካባቢ በነበረው ዘመን የተቀረጸች አንዲት ሴት የማንጎ ዛፍ ቅርንጫፍ ይዛ ከበሩ ድንጋይ ወደ ውጭ ዘንበል ብላ ትታያለች። በዚያ አገር አፈ ታሪክ መሠረት፣ እንዲህ ያለች ሴት ዛፍን ስትነካ ዛፉ ያብባል። የሴቲቱ ገላ እንደ ቅስት ስለ ተለመጠ፣ የበሩን አግዳሚ ድንጋይ በደስታ የተሸከመች ትመስላለች።

ይህን ወደ ሥዕል ስናመጣው የተጠቀምንበት ዘዴ ቀላል ነው። ግንበኛ የግድግዳን ቀጥታ በቱምቢ እንደሚለካ ሁሉ፣ ሠዓሊም በአንድ እግርዋ ላይ ካረፈች ሴት ከጉሮሮዋ ሥር ገመድ ቢያወርድ፣ ገመዱ ክብደቷን በተሸከመው እግር ቁርጭምጭሚት አጠገብ ማረፍ አለበት። ከዚያ ርቆ ከወደቀ፣ ሴቲቱ ልትወድቅ ነው ወይም አንድ ነገር ተደግፋለች ማለት ነው። ስለዚህ ፊትን፣ ልብስንና ጌጥን ከመሣላችን በፊት፣ በከሰል ይህችን አንዲት መሥመር እናወርዳለን። የቀረው ሁሉ በእርሷ ላይ ይሠራል።

ሁለተኛው ትምህርት ከድንጋዩ ጠባይ የመጣ ነው። ድንጋይ ከላይ ሲጫኑት ብዙ ይችላል፤ ሲስቡትና ሲያጥፉት ግን ቶሎ ይሰበራል። የዲዳርጋንጅዋ ሴት ግራ ክንድ የጠፋው፣ ከገላ ተለይቶ የወጣ ክንድ ለመሰበር የቀረበ ስለሆነ ነው። በዚህ ምክንያት የጥንት ቀራጮች ክንድን ወደ ጎን፣ እግርን ወደ እግር አስጠግተው፣ ገላን የተሰበሰበና ሙሉ አድርገው ይሠሩ ነበር። በቤሉር ከተማ በ1117 በተመረቀው በቼናኬሻቫ ቤተ መቅደስ ላይ የሚታዩት ሴቶች ግን ጌጣቸው እጅግ ረቂቅ ነው። አንዲቱ በመስተዋት ራሷን ትመለከታለች፤ ሌላይቱ ከበቀቀን ጋር ትጫወታለች። የዚያ አገር ድንጋይ ከመሬት ሲወጣ ለስላሳ ሆኖ፣ አየር ሲመታው እየጠነከረ የሚሄድ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ቀራጩን የሚያስተምረው ድንጋዩ ነው። ሸራና ወረቀት ግን ሠዓሊን አይከለክሉትም፤ እንደ ሸምበቆ የቀጠነች ሴት ቢሣል አትሰበርበትም። ሠዓሊ ይህን ነፃነት ስላገኘ፣ ሴትን ማሳሳትና ማቅጠን ይቀለዋል። ስለዚህ እኛ ስንሣል፣ «ይህች ሴት ድንጋይ ብትሆን ትቆም ነበርን?» ብለን ራሳችንን እንጠይቃለን። ሥዕሎቹ ለምን ከበዱ ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው።

መሣሪያ የያዘች ሴት የለችምን? አለች። ከቼናይ ከተማ በስተ ደቡብ በባሕር ዳር በምትገኘው በማሃባሊፑራም፣ በ7ኛው መቶ ዓመት በፓላቫ ነገሥታት ዘመን የተፈለፈለ አንድ ዋሻ ይገኛል። በግድግዳው ላይ ዱርጋ የምትባለው ሴት አምላክ ማሂሻ የተባለውን የጎሽ ራስ ያለውን ኃይለኛ ስትወጋ ተቀርጻለች። እርሷ በአንበሳ ተቀምጣ ቀስቷን ትስባለች፤ እጆቿም ስምንት ናቸው። እርሱ በአካል ይበልጣታል፤ ዱላውንም እንደ ያዘ ነው። ነገር ግን ገላው ወደ ኋላ ማዘንበል ጀምሯል፤ ተከታዮቹም ይወድቃሉ። የእርሷ ፊት አልተኮሳተረም፤ ወጣትና የረጋች ናት። ቀራጩ ድል የማን እንደ ሆነ የነገረን በስምንቱ እጆች ብቻ አይደለም። አንዱ ወገን ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ማዘንበሉን በማሳየት ጭምር ነው። ቀስቱን ከእጅዋ ብንወስድ እንኳ አሸናፊዋን እናውቃታለን።

ሁለተኛው ጥያቄ በዚህ ቦታ ይመለሳል። ዱርጋ ለብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የጸሎት መልክ ናት፤ ለእኛ ግን አይደለችም። እኛ ወደ እርሷ የሄድነው ለመስገድ ሳይሆን አቋቋምን ለመማር ነው። ይሁን እንጂ የሌላ ሰው ጸሎት የሆነውን ነገር እንደ ተራ ዕቃ መያዝ እንደማይገባ እናውቃለን። ታላቁ የሕንድ ሠዓሊ መቅቡል ፊዳ ሁሴን በ1948 በዴልሂ በተደረገ ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ የጥንት ቅርጾችን ካየ በኋላ አሣሣሉ ተለወጠ። የሴቶችን ቁመናም ከእነዚያ ቅርጾች ተማረ። በኋላ ዘመን ግን ሴት አማልክትን ያለ ልብስ ሣለ ተብሎ ብዙ ክስና ዛቻ ስለ ደረሰበት፣ በ2006 አገሩን ለቆ ወጣ፤ በ2011 በለንደን ሞተ። ጥንታውያኑ ቀራጮች ራሳቸው ያለ ብዙ ልብስ ቀርጸዋቸው ነበር የሚሉ ሰዎች ለእርሱ ተከራክረውለታል። ፍርዱን ለሊቃውንት እንተወዋለን። እኛ የያዝነው ደንብ ግን ይህ ነው። ከአማልክቱ አቋቋምን እንወስዳለን፤ ስማቸውንና መልካቸውን ግን አንወስድም። ስለዚህ በግድግዳችን ላይ ዱርጋ የለችም፤ ሦስት ሰዎች ብቻ አሉ።

ከዚህ ቀጥለን፣ ከድንጋይ ወደ ሥዕል የሚወስደውን መንገድ ከእኛ በፊት ስለ ሄደችበት አንዲት ሴት እንናገር። ስሟ አምሪታ ሼር-ጊል ነው። በ1913 በቡዳፔስት ተወለደች፤ አባቷ ሕንዳዊ ሲክ፣ እናቷ የሀንጋሪ ሴት ነበረች። በ16 ዓመቷ ለትምህርት ወደ ፓሪስ ሄደች። እኛ ዛሬ 18 ዓመታችን ነው፤ እርሷ 19 ዓመት ሲሆናት «ወጣት ልጃገረዶች» የተባለውን ሥዕል ሠርታ በ1933 በፓሪስ የወርቅ ሜዳልያ አገኘችበት። ይህ ሁሉ ክብር ሳያስቀራት በ1934 መጨረሻ ወደ ሕንድ ተመለሰች። በ1935 «ሦስት ልጃገረዶች» የተባለውን ሥዕል ሠራች፤ በ1937 ከቦምቤይ የሥነ ጥበብ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ አስገኝቶላታል። በዚህ ሥዕል ሦስት ወጣት ሴቶች ዐይናቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሌላ ሰው የሚወስንላቸውን ዕድል እንደሚጠብቁ ሆነው ተቀምጠዋል። ሐዘናቸው ልብን ይነካል።

በ1936 መጨረሻ አምሪታ ወደ አጃንታና ወደ ኤሎራ ተጓዘች። አጃንታ በዋሻ ግድግዳ ላይ በተሣሉ ሥዕሎች የታወቀ ነው፤ ከእነዚህም የሚበዙት 1500 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ኤሎራ ደግሞ በቅርጾቹ የታወቀ ነው። በዚያ ያለው የካይላሳ ቤተ መቅደስ በ8ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ክሪሽና ቀዳማዊ ዘመን ከአንድ ተራራ ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ነው። እኛ የላሊበላ አገር ልጆች ስለሆንን፣ ይህ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገንም። አምሪታ ከዚያ ወደ ደቡብ ሕንድ ዘለቀች፤ በ1937ም ሦስት ታላላቅ ሥዕሎች ሠራች። እነርሱም «የሙሽራይቱ መኳኳል»፣ «ብራህማቻሪዎች» እና «ወደ ገበያ የሚሄዱ የደቡብ ሕንድ የገጠር ሰዎች» የሚባሉት ናቸው። በእነዚህ ሥዕሎች ሰዎቹ የድንጋይ ያህል ሙሉ ሆኑ። መሥመሩ ቀለለ፤ ቀለሙ የአፈርና የቀይ ድንጋይ መልክ ያዘ። አምሪታ የሣለቻቸው የሕንድ ሴቶች አማልክት አይደሉም፤ ወደ ገበያ የሚሄዱ፣ የሚያርፉ፣ ጠጉር የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። ነገር ግን ቀድሞ ለአማልክት ብቻ ይሰጥ የነበረው ግርማ ለእነርሱ ተሰጣቸው። በ1941 በላሆር በ28 ዓመቷ ስትሞት ብዙ ሥራ ትታ አለፈች፤ ከመቶ የሚበልጡ ሥዕሎቿ ዛሬ በኒው ዴልሂ በብሔራዊ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ምስጋና ነው። ነገር ግን እውነት ለመናገር፣ አንድ የሚያሳዝን ነገርም አለ። በኮልካታ በሚገኘው የሕንድ ሙዚየም የ11ኛው መቶ ዓመት የሆነች አንዲት የድንጋይ ሴት አለች። እርሷም ቆማ ደብዳቤ ትጽፋለች። ይህን ያህል ዘመን ሴት ስትጽፍ በድንጋይ ታየች፤ በብዙ ቤት ግን የሥጋና የደም ልጅ ፊደል እንዳትማር ትከለከል ነበር። በ1848 በፑኔ ከተማ ሳቪትሪባይ ፉሌ ከባልዋ ከጆቲራኦ ጋር ሆና ለልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈተች። በዚያን ጊዜ 17 ዓመቷ ነበር። ወደ ትምህርት ቤቱ ስትሄድ ሰዎች ጭቃና እበት ይወረውሩባት ስለ ነበር፣ ስትደርስ የምትለውጠው ሌላ ሳሪ ይዛ ትወጣ እንደ ነበር ይነገራል። በ1897 በፑኔ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ የታመመ ልጅ በጀርባዋ አዝላ ወደ ሕክምና ስፍራ ወሰደች፤ በሽታው ተላልፎባትም ሞተች። በቤተ መቅደስ ግድግዳ ሴትን ማክበርና በመንገድ ላይ ሴትን በጭቃ መምታት በአንድ አገር አብረው ሊኖሩ ይችላሉ ማለት ነው። ይህ የሕንድ ብቻ ነው ብሎ የሚፈርድ ሰው፣ አስቀድሞ ወደ ገዛ ደጁ ይመልከት።

እነሆ፣ አሁን ሥዕሎቻችንን ልናስረዳችሁ እንችላለን። በመካከል ያለችው ሳቪትሪባይ ናት። ታማሚውን ልጅ አዝላለች፤ አቋቋሟ የዲዳርጋንጅዋ ሴት ነው። ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ብላለች፤ ቱምቢው ግን በእግርዋ ላይ ያርፋል። በሳሪዋ ጫፍ ያለው ጠቆር ያለ ቀለም ጭቃው ነው። በስተ ቀኝ ያለችው ከበሮ የምትመታ ሴት ናት። ይህችን የተማርናት ከኮናርክ ነው። በዚያ በ13ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ናራሲምሃዴቫ ዘመን በሠረገላ አምሳል የተሠራ የፀሐይ ቤተ መቅደስ አለ። በጣራው ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ሙዚቀኛ ሴቶች ቆመዋል። ከሩቅና ከታች እንዲታዩ ስለ ተሠሩ፣ ቀራጮቹ ጥቃቅኑን ነገር ትተው ትልልቁን ብቻ አጉልተዋል። ስለዚህ እኛም ከታች ወደ ላይ እንደሚመለከታት ሰው ሆነን ሣልናት። በስተ ግራ ያለችው እንስራ ያዘለች ያገራችን ሴት ናት። ስም አልሰጠናትም፤ እያንዳንዳችሁ ስሟን ታውቃላችሁና። የሦስቱም መሠረት ቀይ አፈር የመሰለ ቀለም ነው፤ በማቱራ ከተማ ጥንታውያኑ ቀራጮች ይሠሩበት የነበረውን ቀይ ድንጋይ እያሰብን የመረጥነው ነው።

ማቱራን ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። ማቱራ ከኩሻን ነገሥታት ታላላቅ ከተሞች አንዷ ነበረች። በ1940 በእኛው አገር በደብረ ዳሞ ከመቶ የሚበልጡ የእነዚያ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘቦች ተገኝተዋል። እንግዲህ የማቱራ ሴቶች በሚቀረጹበት ዘመን የተመታ ወርቅ ባሕር ተሻግሮ ወደ እኛ ደርሷል። ወርቁ ከተሻገረ፣ የጥበቡ ትምህርት ዘግይቶም ቢሆን ቢሻገር አያስደንቅም።

ክቡራን ወላጆቻችን ሆይ፤ ሥዕሎቹን ስታዩ አንድ ነገር እንድታስቡ እንለምናችኋለን። አብረውን 9ኛ ክፍል የጀመሩት እኅቶቻችን ሁሉ ዛሬ ከእኛ ጋር አልተቀመጡም። አንዳንዶቹ ተዳሩ፤ አንዳንዶቹ የቤት ሥራ ስለ በዛባቸው ቀሩ። ከመካከላቸው በሒሳብም በሥዕልም ከሁላችን የምትበልጥ ነበረች። ብርቱ ሴት በአዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ፣ ልጃችን ግን ወንድሟ ሲያጠና ውኃ እንድትቀዳ ከተላከች፣ ሥዕሉ የአዳራሽ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ወንዶች ተማሪዎችም እንስራውን አንድ ቀን እንኳ ብናዝል፣ የሚበረታው ማን እንደ ሆነ ጀርባችን ይነግረናል፤ እኅታችንም በዚያ ሰዓት መጽሐፏን ትከፍታለች።

ከእኛ በኋላ ወደ ሥዕል ክፍል ለምትገቡ ተማሪዎች ደግሞ ከሰሉን፣ ቀለሙንና ቱምቢውን ትተንላችኋል። ቱምቢው በክር የታሰረ አንድ ጠጠር ነው። ሴትን ስትሥሉ አስቀድማችሁ በእርሱ ለኩ፤ ፊቷንና ጌጧን በኋላ ታገኙታላችሁ።

 ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር።